ከቦርዱ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ራሴ ልመልስ ወይስ ጠበቃ ልያዝ?

ይህን የኢንተርኔት የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ምላሾቹ ከ30 በላይ ስለሆኑና አዲስ የሚገባ ሰው ከላይ እስከ ታች ማንበብ ስለሚያደክመው፣ የጠየቅሁትንና የተመለሰልኝን ተራ ቁጥሩን እየጠራሁ በራሴ አነጋገር ላስቀምጠው። እንደኔ ፖስታ ይዞ የሚንቀጠቀጥ ሰው ቢመጣ እንዲያነበው ነው።

መጀመሪያ የጻፍኩት ይህን ነበር። አሥራ አንድ ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ፤ አንድም ቀን ተከስሼ አላውቅም። ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ ቤቴ ስደርስ በአደራ የተላከ ፖስታ ጠበቀኝ። ላኪው የሙያ ፈቃዴን የሰጠኝ የነርሶች ቦርድ ነው። ጫማዬን ሳላወልቅ በሩ ላይ ቆሜ አነበብኩት። የአንዲት ታካሚ ቤተሰብ አቤቱታ አቅርቧል። የታካሚዋ የደም ግፊት ሲወርድ ነርሷ ለሐኪም በጊዜው አላሳወቀችም የሚል ነው። በ20 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንድመልስ ይጠይቃል።

የሆነው እንዲህ ነው። ግፊቷ መውረድ ሲጀምር ለተረኛው ሐኪም ደወልኩ፤ ፈሳሽ አዘዘ፤ ሰጠኋት፤ መዘገብኩ። ጥቂት ቆይቶ ይበልጥ ወረደ። ድጋሚ ደወልኩ፤ እመጣለሁ አለ። ስልኩን እንደዘጋሁ ጎን ያለው ክፍል ውስጥ የሌላ ታካሚ ትንፋሽ አጥሮ ወደዚያ ሮጥኩ። ሁለተኛው ጥሪ ቻርቱ (የታካሚዋ የሕክምና መዝገብ) ላይ የለም። አልጻፍኩትም። ታካሚዋ ንጋት ላይ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገባች፤ በኋላም አረፈች። ከዚያ ወዲህ ያላሰብኳት ቀን የለም።

የጠየቅሁት ሦስት ነገር ነው። የምደብቀው ስለሌለኝ መልሱን ራሴ ልጻፈው ወይ? መሥሪያ ቤቴ የራሱን ጠበቃ ሊመድብልኝ ዝግጁ ነው፤ ይበቃኛል ወይ? ሦስተኛውን ስጽፍ እጄ ከብዶኛል፤ የደወልኩት እውነት ስለሆነ፣ ሁለተኛውን ጥሪ አሁን ቻርቱ ላይ ብጨምረው ችግር አለው ወይ?

1ኛው ምላሽ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ መጣ። አንዲት እህት ምክር እንደሌላት፣ ግን በጸሎቷ እንደምታስበኝ ጻፈች። ለዚያ ሌሊት እሱ በቂዬ ነበር።

2ኛው ከአንድ ወጣት ነርስ ነው። ንጹሕ ሰው ጠበቃ ይዞ ሲቀርብ ጥፋተኛ ይመስላል፤ እኔም ተመሳሳይ ደብዳቤ ደርሶኝ አንድ ገጽ ጽፌ በሁለት ወር ተዘግቶልኛል ሲል አበረታታኝ። አሳማኝ ሆኖ ታየኝ። እንዲያውም መጻፍ ጀምሬ ነበር።

3ኛዋ አስቆመችኝ። ጡረታ የወጣች ሄድ ነርስ (የነርሶች ኃላፊ) ናት። በዚህ መድረክ ያለነው ሁሉ ሲስተር እያልን ነው የምንጠራት። ለወንድማችን የገጠመው ዕድል እንጂ ምክር አይደለም ብላ ጀመረች። ከዚያ ወደ ሦስተኛው ጥያቄዬ ዞራ በፍጹም እንዳልነካው፣ እጄን ከቻርቱ ላይ እንዳነሣ፣ ከዚህ በላይ ግልጽ ማድረግ እንደማትችል ጻፈች። ምክንያቷን ግን ዘረዘረች። ዘግይቶ መመዝገብ ራሱ ጥፋት አይደለም። ፈረቃው ሳያልቅ ወይም በማግሥቱ፣ የሚጻፍበትን ቀንና ሰዓት በግልጽ አስቀምጦ፣ ዘግይቶ የገባ መሆኑን ጠቅሶ፣ የመሥሪያ ቤቱ መመሪያ በሚፈቅደው መንገድ ከሆነ የታወቀ አሠራር ነው። አቤቱታ ከቀረበ በኋላ የሚገባ መስመር ግን እውነት ቢሆን እንኳ ማስረጃ ማበላሸት ተብሎ ይነበባል። በእሷ ዘመን አንዲት ባልደረባዋ ፈቃዷን ያጣችው በመጀመሪያው ስሕተት እንዳልሆነ ነገረችን። ስሕተቱ በማስጠንቀቂያ የሚታለፍ ነበር። ያጠፋት በኋላ ያስገባችው አንድ መስመር ነው። የተዘነጋ ነገር እንዝላልነት ይባላል፤ የተጨመረ ነገር ግን ሐሰተኝነት ይባላል፤ ቦርዶች ለመጀመሪያው ትምህርትና ክትትል ይሰጣሉ፣ ለሁለተኛው ምሕረት የላቸውም አለች።

4ኛው የሕክምና መረጃ ክፍል ሠራተኛ ነው። ሲስተር ያለችውን በማሽኑ በኩል አረጋገጠ። ኤሌክትሮኒክ ቻርት የገባውን ሰው ስም፣ ሰዓቱን፣ ኮምፒውተሩን፣ ከለውጡ በፊትና በኋላ የነበረውን ጽሑፍ ሳይቀር ይይዛል። መጨመር ብቻ ሳይሆን ከፍቶ ማንበብም ይመዘገባል። አሁን ያንቺ ታካሚ አይደለችም፤ ስለዚህ ፋይሏን የመክፈት ሥራ ነክ ምክንያት የለሽም፤ ራስን ለመከላከል ብሎ መክፈትም ቢሆን የታካሚ ምስጢር መጣስ ተብሎ ሁለተኛ ክስ ሊሆን ይችላል ሲል አስጠነቀቀ።

ይህን ሳነብ ሰውነቴ ቀዘቀዘ። ደብዳቤው በደረሰኝ ማግሥት ሥራ ገብቼ ፋይሏን ከፍቻለሁ። ያለሁት ለሦስት ደቂቃ ያህል ነው፤ ምንም አልነካሁም፤ ሁለተኛው ጥሪ ተጽፎ ይሆን ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። ይህን እዚያው ክሩ ላይ ልናዘዝ ስል 5ኛው ምላሽ ቀደመኝ።

5ኛው ከሁሉም ይልቅ ቁጡ ነበር። ሰላምታም የለው። በመጀመሪያው ጽሑፌ የጥሪዎቹን ሰዓት፣ የግፊቱን ልክና የታካሚዋን ሕመም ሁሉ በቁጥር አስቀምጬ ነበር። ስም ባልጠራም፣ እዚያ ክፍል ውስጥ የሠራ ሰው ወይም ቤተሰቧ ቢያነበው ማን እንደሆነች ወዲያው እንደሚያውቅ፣ የቦርድ መርማሪም ሆነ የከሳሽ ጠበቃ እንደዚህ ያለ ገጽ ማንበብ እንደሚችል፣ ፈቃዴን ለማዳን መጥቼ ፈቃዴን የሚያስነጥቀኝን ነገር በገዛ እጄ እየለጠፍኩ እንደሆነ ነገረኝ። ከፋኝ። ተበሳጭቼ ልመልስለት ጀምሬ ተውኩት፤ ምክንያቱም ልክ ነበር። አሁን ከላይ ያነበባችሁት ቁጥሮቹ የወጡለት ነው።

6ኛዋ ደግሞ ሌላ ነገር አሰበች። ከማጥፋቴ በፊት እንዳለ ገልብጬ ለጠበቃዬ እንዳስቀምጥ መከረችኝ። ክስ ካለ በኋላ ማጥፋት በራሱ ጥያቄ ሊያስነሣ ይችላል፤ ስለዚህ ምን እንደነበረ፣ መቼና ለምን እንዳነሣሁት ማሳየት መቻል አለብኝ። እንደነገረችኝ አደረግሁ። 7ኛው ለሁለቱም አመስግኖ ወጣ።

8ኛውን ሰፋ አድርጌ እጽፈዋለሁ። ጸሐፊዋ ድሮ ነርስ የነበረች፣ አሁን በጥብቅና የምትተዳደር፣ የጤና ባለሙያዎችን ፈቃድ ጉዳይ የምትይዝ ናት። ያለሁበትን አገር ሕግ ሳታውቅ ምክር ልትሰጠኝ እንደማትችል፣ የምትጽፈው የትም አገር ያለ ነርስ ሊያውቀው የሚገባውን አጠቃላይ ነገር እንደሆነ አስቀድማ ገለጸች።

አንድ ስሕተት ሦስት መንገድ ሊወስድ ይችላል አለች። የወንጀል ክስ አለ፣ የካሣ ክስ አለ፣ የፈቃድ ጉዳይ አለ። ሦስቱም ለየብቻ ይሄዳሉ። በአንዱ ነጻ መውጣት ሌላውን አይዘጋም። የወንጀል ፍርድ ቤት ከጥርጣሬ በላይ የሆነ ማስረጃ ይፈልጋል፤ የፈቃድ ጉዳይ የሚታየው ግን ብዙ ቦታ ከዚያ ዝቅ ባለ ሚዛን ነው። ለምሳሌ የእንግሊዝ የነርሶችና አዋላጆች ምክር ቤት የሚመዝነው ከሁለቱ የትኛው ይበልጥ ይመስላል በሚለው ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ነርስ የሚሳሳተው። ፍርድ ቤት ስላልተጠራ ነገሩ ቀላል ይመስለዋል።

የመሥሪያ ቤቱን ጠበቃ በተመለከተ የጻፈችው አእምሮዬ ውስጥ ቀርቷል። ያ ጠበቃ ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል፤ ደንበኛው ግን ተቋሙ ነው። በዚያ ሌሊት ነርሶች ስንት ነበሩ፣ ታካሚ ስንት ነበር፣ ሐኪሙ ለምን ዘገየ የሚለው ጥያቄ እኔን ያቀልልኛል፤ ተቋሙን ግን ያከብድበታል። ጥቅማችን በሚለያይበት ቀን የሚቆመው ከደመወዝ ከፋዩ ጎን ነው። የተቋሙ ኢንሹራንስም አብዛኛውን ጊዜ የካሣውን ክስ እንጂ የቦርዱን ጉዳይ አይሸፍንም። ስለዚህ ነርስ የራሷ የሙያ ኃላፊነት ኢንሹራንስ ያስፈልጋታል፤ ስትገዛም የፈቃድ መከላከያ ወጪን ይሸፍን እንደሆነ ውሉን ማንበብ አለባት። ካላት ደግሞ ደብዳቤው በደረሳት ቀን ለድርጅቱ ታሳውቅ፤ ዘግይቶ ማሳወቅ ሽፋኑን ሊያሳጣ ይችላል።

ከዚያ ስለ ስልክ አነሣች። መርማሪ ሊደውል ይችላል። ድምፁ ለስላሳ፣ ጥያቄው ቀላል ነው፤ የአንቺን ወገን ብቻ መስማት ፈልጌ ነው ይላል። መርማሪውን ማክበር ይገባል፣ መዋሸት በጭራሽ አይገባም፣ ግን በዚያው ቅጽበት የመመለስ ግዴታ እንዳለብን አድርገን ማሰብ የለብንም። በትሕትና ስሙንና ስልኩን ተቀብሎ፣ ጠበቃ አማክሬ እመልሳለሁ ማለት ይቻላል። ዝም ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ቀነ ገደቡን ማሳለፍ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ቦርዱ አንቺ በሌለሽበት ሊወስን ይችላል፤ አለመተባበሩም በአንዳንድ ቦታ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። ቀኑ ካልበቃ ከማለፉ በፊት በጽሑፍ ማራዘሚያ መጠየቅ ይቻላል። አድራሻ ሲቀየር ለቦርዱ አለማሳወቅ ስንቱን እንዳስቀጣ ስትጽፍ ማዘኗ ያስታውቅ ነበር፤ ደብዳቤው የድሮ ቤቱ ደርሶ ተመልሷል፣ ነርሱ ፈቃዱ እንደታገደ ያወቀው ሊያድስ ሲሄድ ነው።

የመጨረሻው ነጥቧ ስለ መፈረም ነው። አንዳንዱ በድካም ፈቃዱን በፈቃደኝነት ይመልሳል፤ በቃኝ ይላል። በአሜሪካ ምርመራ ላይ እያሉ ፈቃድ መመለስ እንደ ቅጣት ተቆጥሮ በሌሎች ግዛቶች ቦርዶች ዘንድም የሚታይ መዝገብ ይሆናል። የስምምነት ሰነድ መፈረምም ቀላል ቢመስልም ውስጡ ጥፋትን ማመን ሊኖር ይችላል። ሌላ አገር ሄጄ እሠራለሁ የሚል ሰው ደግሞ የማመልከቻ ቅጾች በምርመራ ላይ ነህ ወይ ብለው እንደሚጠይቁ ይወቅ። ሳይነበብ የሚፈረም ወረቀት የለም አለች።

ከዚህ በኋላ ክሩ ተቀየረ። 9ኛው ይህ ሁሉ ገንዘብ ላለው ነው ሲል በምሬት ጻፈ፤ የነርስ ደመወዝ ለጠበቃ የሚበቃው የት አገር ነው? 10ኛዋ የሙያ ማኅበርና የሠራተኛ ማኅበር አባላት የሕግ ድጋፍ የሚያገኙበት ቦታ እንዳለ፣ ሙሉ ጥብቅና ባይቻል እንኳ ለአንድ ሰዓት ምክር ከፍሎ የመልሱን ረቂቅ ማሳየት ትልቅ ልዩነት እንደሚያመጣ ነገረችው። 11ኛው ያ የ2ኛው ወጣት ነው፤ ዕድለኛ መባሉ ከንክኖት ተመለሰ። ጠበቆች ሥራ ለማግኘት ያስፈራሩናል የሚል ቃል ወረወረ። 8ኛዋ አልመለሰችለትም። ሲስተር ግን መለሰች፤ 12ኛው የእሷ ነው። እሳት የጎበኘው ቤት ሁሉ አይቃጠልም፤ ያ ማለት ግን እሳት አያቃጥልም ማለት አይደለም አለችው።

13ኛው የራዶንዳ ቮትን ጉዳይ አነሣ። ብዙዎቻችን የምናውቀው ቢሆንም ከፈቃድ አንጻር ያየነው ጥቂት ነን። እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት፣ ነርሷ ለአንዲት የ75 ዓመት ታካሚ ማረጋጊያ የሆነውን ቨርሰድ ልታወጣ ከመድኃኒት ማውጫ ማሽኑ ላይ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፊደላት ጻፈች፤ የማሽኑን ጥበቃ አልፋ አወጣች፤ የወጣው ግን ጡንቻ የሚያሽመደምደው ቬኩሮኒየም ነበር። ቨርሰድ ፈሳሽ ነው፤ ቬኩሮኒየም ዱቄት ሆኖ በውኃ መበጥበጥ አለበት፤ ክዳኑም ላይ ማስጠንቀቂያ ተጽፎበታል። ታካሚዋ ሞተች። ነርሷ ስሕተቷን ራሷ ተናገረች። እ.ኤ.አ. በ2018 የግዛቱ ጤና ቢሮ ፈቃዷ ላይ እርምጃ አልወስድም ብሎ ዘጋው። ተዘጋ ሲባል ግን ነገሩ ተመልሶ ተከፈተ፤ በ2021 ፈቃዷ ተሰረዘ፤ በ2022 ፍርድ ቤት በቸልተኝነት ሰው በመግደል ወንጀል ጥፋተኛ ብሎ በእስር ፋንታ ለሦስት ዓመት በክትትል ሥር እንድትቆይ ፈረደባት። ጸሐፊው ሊል የፈለገው፣ የመዝጊያ ደብዳቤ ደረሰኝ ብሎ ፋይሉን የሚጥል ሰው ይሳሳታል ነው። ለ2ኛው ወጣት መልእክት እንደነበረው ሁሉም ገብቶታል።

14ኛዋ ተናደደች፤ ለ13ኛው ሳይሆን ለነገሩ። ስሕተቷን የተናገረች ነርስ እንዲህ ከሆነች ማን ከእንግዲህ ይናገራል አለች። 15ኛው ማስጠንቀቂያ የተጻፈበትን ክዳን ያላየ ሰው ላይ ማዘን እንደማይችል በደረቁ መለሰላት። ሁለቱ 16ኛውንና 17ኛውን በመጨቃጨቅ ጨረሱ፤ አንዱም ሌላውን አላሳመነም። እኔ ከ14ኛዋ ጋር ነኝ። ክዳኑን ማየት ነበረባት፤ ይህን አልክድም። ግን ለመናገር የደፈረ ሰው መጨረሻው ይህ ከሆነ፣ ነገ ሌላዋ ነርስ ብልቃጡን ኪሷ ውስጥ ትከታለች። የሚሞተውም ታካሚ ነው።

18ኛው ምላሽ የመጣው ከነርስ አይደለም። እናቷን በሆስፒታል ያጣች ሴት ናት። ይህን ሁሉ ምላሽ አንብባ፣ ስለ ሟቿ ስንት ሰው እንደጻፈ ቆጥራለች፤ አንድ ሰው፣ እኔው ራሴ፣ እሱም በአንድ መስመር። ሌላው ሁሉ ወረቀትን እንዴት ማዳን እንደሚቻል ነው የሚያወራው። ፈቃድ የተሰጣችሁ እናንተን ለመጠበቅ ነው ወይስ እኛን? እናቴ ስትጣራ የነበረችው ነርስ የት ነበረች ብዬ ስጠይቅ የመለሰልኝ ጠበቃ ነው፤ እናንተም እንደዚያ ለመሆን እየተማማራችሁ ነው አለች።

ለአንድ ቀን ያህል ማንም አልጻፈም። እኔም ብዙ አሰብኩ። በ19ኛው እኔው መለስኩላት። ስለ እናቷ ይቅርታ የምጠይቅበት መብት እንደሌለኝ፣ ግን ማዘኔን እንድትቀበለኝ ጻፍኩ። ፈቃዱ የእሷ ነው፤ ማለትም የታካሚዎች ነው፤ ያለ እነሱ ትርጉም የለውም። ጠበቃ የምይዘው ለመዋሸት አለመሆኑን፣ ሁለተኛውን ጥሪ አለመመዝገቤን በመልሴ ውስጥ በግልጽ እንደማምን ነገርኳት። ያልመዘገብኩት ጥሪ በዚያ ሌሊት ማንን እንደጎዳ አላውቅም፤ ከእኔ በኋላ ቻርቱን ላነበበው ሰው ግን የጎደለ ነገር ነበር። ይህን የጻፍኩት ለእሷ ብዬ ብቻ አይደለም። እስከዚያ ምላሽ ድረስ ለራሴም አላመንኩትም ነበር።

20ኛው፣ ታሪክ የሚወድ አባላችን፣ ገብቶ ነገሩን አለዘበው። ነርሶችን በአገር ደረጃ በሕግ የመዘገበች የመጀመሪያዋ አገር ኒውዚላንድ ናት፤ ሕጉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1901 ሲሆን መዝገቡ ላይ የመጀመሪያዋ ኤለን ዶኸርቲ ናት። እንግሊዝ በ1919 ተከተለች። ከመዝገብ በፊት ማንም ሰው ነርስ ነኝ ብሎ የታካሚ አልጋ ጎን ይቆም ነበር። መዝገቡ የሠለጠነውን ካልሠለጠነው ለመለየት፣ ሕዝቡንም ለመጠበቅ የመጣ ነው፤ ስለዚህ እህታችን በመሠረቱ ልክ ናት አለ። ነገር ግን መዝገብ ያለው ሰው ሲከሰስ መሰማት አለበት፤ ሳይሰማ የሚሰረዝ መዝገብ ሕዝብን አይጠብቅም። እናቷን ያጣችው ሴት በ21ኛው አጭር ምስጋና ጻፈች። ተመልሳ አልመጣችም።

ከ22 እስከ 27 ወሬው ወዲያና ወዲህ ሄደ። 22ኛዋ የቀረውን አደንዛዥ መድኃኒት ሲያስወግዱ እንደ ምስክር ሳታይ መፈረም ልማዷ እንደነበር አምና፣ አንድ ቀን ፊርማዋ ያለበት መድኃኒት ጎድሎ ስትጠየቅ እንዴት እንደደነገጠች ተረከች። ባልደረባዋ ሲሪንጁን ወደ ማጠቢያው ስታፈስ ጀርባዋን ሰጥታ ስልክ ታወራ ነበር፤ የወጣው መድኃኒት ይሁን ውኃ መሐላ መግባት አልቻለችም። ከዚያ ወዲህ ዐይኗ ሳይነጠል ካላየች አትፈርምም። 23ኛው ፈቃዱን የሚያድስበት ቀን ደርሶ ስለ ትምህርት ሰዓት ጠየቀ፤ 24ኛው በእንግሊዝ በየሦስት ዓመቱ 450 የሥራ ሰዓትና 35 የትምህርት ሰዓት እንደሚጠየቅ፣ የራሱን አገር ግን ከራሱ ቦርድ እንዲጠይቅ መለሰለት። 25ኛው ሐኪሞች በቀላሉ ይታለፋሉ ብሎ አማረረ። ለእሱ 26ኛዋ የቴክሳሱን ነገር አነሣች። እ.ኤ.አ. በ2009 በዊንክለር ካውንቲ ሁለት ነርሶች ስለ አንድ ሐኪም አሠራር ለሕክምና ቦርድ ስም ሳይጠቅሱ ጽፈው የተከሰሱት እነሱ ናቸው፤ የአንደኛዋ ክስ ተነሣ፣ ሌላዋ በ2010 በዳኞች ነጻ ወጣች፤ በኋላ በሕግ የተቀጡት ሐኪሙና ደብዳቤውን ማን እንደጻፈው ያሳደደው የፖሊስ ኃላፊ ሆኑ። 27ኛው በዚያው ግዛት ነርስ ከአቅሟ በላይ ታካሚ ሲሰጣት፣ ሥራውን ከመጀመሯ በፊት ጽፋ ጥበቃ የምትጠይቅበት ሴፍ ሃርበር የሚባል አሠራር እንዳለ ጨመረ። እንዲህ ያለ ሕግ በሌለበትም ቢሆን ሥጋትን በዚያው ሰዓት ለኃላፊ በጽሑፍ ማሳወቅ ይጠቅማል፤ ታካሚ ተቀብሎ ሳያስረክቡ መሄድ ግን የትም ቢሆን ጥሎ መሄድ ነው አለ።

የእኔን ነገር የቀየረው 28ኛው ነው። ጸሐፊው ያ 4ኛው፣ የመረጃ ክፍሉ ሠራተኛ ነው። ሁለት ቀን ሲያስብበት ቆይቶ ተመለሰ። የደወልሽው በምን ስልክ ነው ብሎ ጠየቀኝ። በዋርዱ ጠረጴዛ ላይ ባለው ስልክ ነው። እንግዲያው የተቋሙ የስልክ ማዞሪያ ከየትኛው መስመር ወደየትኛው፣ በስንት ሰዓት፣ ለስንት ሰከንድ እንደተደወለ ይይዝ ይሆናል አለ። ነገር ግን እንዲህ ያለ መዝገብ ለዘላለም አይቀመጥም፤ ጊዜው ሲደርስ በላዩ ላይ ይጻፍበታል። እኔ ራሴ ሄጄ እንዳልጠይቅ፣ ጠበቃዬ መዝገቡ እንዳይጠፋ በደብዳቤ እንድታስጠብቅ፣ ዛሬውኑ እንዲሆን ነገረኝ።

ሲስተር በ29ኛው አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ ጠበቃ ይዘሻል ወይ? ይዣለሁ አልኳት። በሙያ ማኅበሬ በኩል ያገኘኋት ናት። መጀመሪያ የነገርኳት ፋይሉን ከፍቼ ማየቴን ነው። ፊቷ አልተለወጠም፤ እሱንም ሌላ ሰው ከማውጣቱ በፊት እኛው እንናገረዋለን አለችኝ። እኔ ጀምሬው የነበረውን የመጀመሪያ ረቂቅ አሳየኋት። ሦስት ገጽ ነበር፤ ስለ ድካሜ፣ ስለ ሐኪሙ ግድየለሽነት፣ ስለ አስተዳደሩ፣ ስለ አሥራ አንድ ዓመቴ። እስክሪብቶ ይዛ መስመር በመስመር ሄደች። ያላየሁትንና የገመትኩትን ሁሉ ሰረዘች። ሰውን የሚከስሰውን ሰረዘች። ስትጨርስ አንድ ገጽ ተኩል ቀረ፤ ያደረግሁት፣ ያየሁት፣ ያልመዘገብኩት፣ ከዚያ ወዲህ የወሰድኩት ሥልጠና።

30ኛው ላይ የ2ኛው ወጣት መጣ። ያን ጉዳዩ የተዘጋበትን ደብዳቤ ፈልጎ እንዳገኘው፣ ሲያነበው ጉዳዩ አዲስ መረጃ ከመጣ ሊከፈት እንደሚችል የሚል መስመር ከታች እንዳለበት፣ ያኔ ደስ ብሎት እዚያ ድረስ እንዳላነበበ ጻፈ። የላከውን መልስ ኮፒ አላስቀረም። 8ኛዋ በ31ኛው ምላሿ ቦርዱን በጽሑፍ ኮፒ መጠየቅ እንደሚችል፣ ቢቸግረው ለእሷ በግል እንዲጽፍላት ነገረችው። ጠበቆች ያስፈራሩናል ስላላት አንድም ቃል አላነሣችም።

የስልክ መዝገቡ በ16ኛው ቀን መጣ። ከዋርዱ መስመር ወደ ተረኛው ሐኪም ሁለት ጥሪ አለበት። ሁለተኛው 41 ሰከንድ ነው። ጠበቃዬ ከመልሱ ጋር አያይዛ በ18ኛው ቀን ላከችው፤ የመድረሻ ደረሰኙም ፋይሌ ውስጥ አለ። ከቦርዱ እስካሁን መልስ የለም፤ ሲመጣ እዚሁ እጽፋለሁ። አድራሻዬ ትክክል መሆኑን ትናንት ደውዬ አረጋግጫለሁ።